ለሴት ልጅ ስም ስናወጣ

በአገራችን ሥርዓት ለወንድ ልጅ የወጣ ስም ሦስት ትውልድ ያገለግላል። መጀመሪያ ራሱ ይጠራበታል፤ ቀጥሎ ልጆቹ የአባት ስም አድርገው ይይዙታል፤ ከዚያም የልጅ ልጆቹ በአያት ስም ቦታ ይጽፉታል። የሴት ልጅ ስም ግን በእርሷ ተጀምሮ በእርሷ ያበቃል፤ ልጆቿ በአባታቸው ስም ይጠራሉና። ስታገባም የባሏን ስም ስለማትወስድ፣ ከልጅነቷ እስከ እርጅናዋ አብሯት የሚኖረው በአራስ ቤት ያወጣንላት ያው አንድ ስም ነው። ስለዚህ ለሴት ልጅ ስም ሲወጣ ከማንም በፊት መታሰብ ያለባት ራሷ ናት ብዬ አምናለሁ። ስሟ የወላጆቿ የወንድ ልጅ ምኞት ማስታወሻ ወይም ለጎረቤት የተላከ መልስ ሊሆን አይገባም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ እምነት የሚነሣ ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሳስተምር ለብዙ ዓመታት ስም ጠሪ ነበርኩ። በየማለዳው የክፍሉን ተማሪዎች ስም ከነአባታቸው ጮክ ብዬ አነብብ ነበር። ስሟ ሲጠራ ቀና ብላ «አቤት» የምትለውን ልጅና አንገቷን ደፍታ እጇን ብቻ የምታወጣውን ለመለየት ብዙ ቀን አይፈጅም። ከእነዚህ መካከል አንዷን አልረሳትም። ከአራት እኅቶች በኋላ የተወለደች ናት፤ አባቷ ወንድ ሲጠብቅ ስለመጣች «ሴት በቃን» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣላት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ሰባተኛ ክፍል የገባች ሰሞን አንድ ቀን ሌሎቹ ተማሪዎች ሳይገቡ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ፣ የደብተሯን ጠርዝ በጣቷ እየጠቀለለች፣ «መምህር፣ እባክዎ በአባቴ ስም ብቻ ይጥሩኝ» አለችኝ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዳለችኝ ጠራኋት። በፈተና ወረቀቷ ላይ ግን ያንኑ ስም መጻፍ ነበረባት፤ የትምህርት ማስረጃዋም በዚያው ስም ወጣ። ወንድም ሆነ ሴት ልጅ የፈጣሪ ስጦታ ነው ብለን ስናበቃ ቅሬታችንን በልጅቱ ስም ላይ መጻፍ ትልቅ በደል ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ መለየት የሚገባው፣ በእኛ አገር አንዲት ሕፃን ሁለት ወይም ሦስት ስም እንደሚኖራት ነው። አንደኛው በትምህርት ቤትና በመንግሥት መዝገብ የምትጠራበት የዓለም ስም ነው። ሁለተኛው ለክርስቲያን ቤተሰብ በጥምቀት ዕለት የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው። ሦስተኛው እናትና አያት እያቆላመጡ የሚጠሩበት የቤት ስም ነው፤ ውዴ፣ እምዬ፣ ውቢት፣ ሚሚ የመሳሰለው። ብዙ ቤተሰብ የሚጨቃጨቀው እነዚህ ሦስቱ የተለያየ ሥራ እንዳላቸው ስለሚዘነጋ ነው። አያት የሟች እናታቸውን መታሰቢያ ይፈልጋሉ፤ አባት የዘመኑን ስም ይወዳል፤ እናት ደግሞ በምጧ ሰዓት የተሳለችለትን ቅዱስ ማክበር ትሻለች። ሦስቱን ምኞት በአንድ ስም ውስጥ ለማጨቅ ከመታገል ለእያንዳንዱ ቦታ መስጠት ይቻላል። የእናት ስለት በክርስትናው ስም፣ የአያት መታሰቢያ በቤት ስም ሊፈጸም ይችላል፤ ለመዝገቡ ስም ደግሞ ሁሉም የሚስማማበት ይፈለጋል።

ስም ለመምረጥ የተመቸው ጊዜ የአራስ ቤቱ ጊዜ ነው። በአንዳንድ ቤት ያልተወለደ ልጅ ስም አስቀድሞ መቁረጥ አይወደድም፤ ይህን ማክበር ምንም ጉዳት የለውም፤ በልብ ማሰብን የሚከለክል የለምና። ከወሊዱ በኋላ ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የሚመጣው ዘመድ ሁሉ የየራሱን ስም ይዞ ይመጣል። የእኔ ምክር እነዚህን ስሞች ሳይከራከሩ እየሰሙ መጻፍ ነው። የወንድሜ ሴት ልጅ በተወለደች ሰሞን እናቴ ለአራሷ ገንፎ እያገነፋች ሳለ፣ ወንድሜ «እማማ፣ ማን እንበላት?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ ወዲያው አልመለሰችም። ገንፎውን ገልብጣ መካከሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤውን ካፈሰሰች በኋላ ወደ በሩ ወጣች፤ ከዚያም ወንዝ የወረደ ልጅ እንደሚጣራ ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሦስት የተለያዩ ስሞች ተጣራች። ተመልሳ ስትገባ «ሁለተኛው ይሻላል፤ ከሸለቆው ማዶ ይሰማል» አለች። ሁለተኛው እስከ ዛሬ የልጅቱ ስም ነው።

ይህ ፈተና ለገጠር ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። በወረቀት ላይ አምሮ የታየ ስም በአፍ ሲጠራ ሊሰናከል ይችላል። ስለዚህ በምርጫ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ስም በተለያየ ድምፅ መሞከር ያስፈልጋል። ከሩቅ ይጠራ፤ በለሆሳስም ይጠራ፤ ስትቆጧትና ስታባብሏት እንዴት እንደሚሰማ ይታሰብ። ከዚያም ፊቱ ላይ «ወይዘሮ» ወይም «ዶክተር» ተጨምሮበት ይነበብ። ለሦስት ወር ሕፃን ብቻ የሚያምር፣ የስድሳ ዓመት ሴትን የሚያሳፍር ስም ለቤት ይቆይ እንጂ ወደ መዝገብ አይሂድ።

የጎጃም የሴት ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ይህም ለመራጩ ትልቅ ሀብት ነው። ዓለምነሽ፣ ጥሩነሽ፣ ሙሉነሽ፣ ድንቅነሽ፣ የኔነሽ ስንል ልጅቱን ፊት ለፊት እያናገርናት ነው፤ ስሟ በተጠራ ቁጥር አንድ መልካም ነገር ይነገራታል። ማንጠግቦሽ «ማን ጠግቦሽ» ብሎ የሚጠይቅ የፍቅር ቃል ነው። ተዋበች፣ ታደለች፣ ላቀች ስለ እርሷ ይመሰክራሉ። እጅጋየሁ ደግሞ ስም አውጪው ስለ ራሱ የሚናገርበት ነው፤ «እጅግ አየሁ» ማለት ነውና። የቻግኒዋ ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው ስሙን በዓለም አስጠርታዋለች። ጣይቱ የሚለውም የእኛው የባላገር ቋንቋ ነው፤ በገጠር ፀሐይን ጣይ የሚል ሰው ዛሬም አለ። አርበኛው በላይ ዘለቀ የሴት ልጁ ስም የሻሽወርቅ ነው፤ ሻሽና ወርቅ በአንድ ቃል ተገናኝተው ማዕረግ ሲሆኑ ማየት ይቻላል።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚማርኩኝ በ«እት» የሚጀምሩት ናቸው። እት በቀደመው አማርኛ እኅት ማለት ነው፤ ዛሬም «እትዬ» እና «እታለም» ስንል ቃሉ በአፋችን አለ። እታገኘሁ «እኅት አገኘሁ»፣ እታፈራሁ ደግሞ «እኅት አፈራሁ» ማለት ነው። እነዚህ ስሞች የሚናገሩት በወንድም አፍ ነው። ከወንዶች በኋላ የተወለደች ልጅ በቤቱ ውስጥ ምን ያህል ትጠበቅ እንደነበር በእድሜዋ ሙሉ ያሳውቋታል። ዛሬ ከከተማ ቤቶች እየጠፉ መሆናቸው ያሳዝነኛል፤ ወንድሞች ያሏት ሕፃን የተወለደችለት ሰው ቢያስብባቸው ደስ ይለኛል።

ሐዘን የወለዳቸው ስሞች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከእርሷ በፊት ልጅ የሞተበት ቤተሰብ ምትኬ፣ ካሳነሽ፣ ፈንታነሽ፣ ማስረሻ እያለ ይሰይማል። የእናትን እንባ ያበሰ ስም ነውና የሚናቅ አይደለም፤ ብዙ ብርቱ ሴቶችም በኩራት ይዘውታል። ይሁን እንጂ ልጅቱ ራሷን የቻለች ሰው ሆና ሳለች በሌላ ሰው ፋንታ የተወለደች መሆኗን በየዕለቱ መስማቷ ሊከብዳት ይችላል። ሐዘኑ ገና ትኩስ ከሆነ ያንን ስም ለቤት መያዝና ለመዝገቡ ስለ እርሷ ብቻ የሚናገር ስም መፈለግ የተሻለ ይመስለኛል። በዚህ ላይ ግን የመጨረሻው ቃል የወለደችው እናት መሆን አለበት። ጎረቤትን ወይም አማትን ለመንካት የሚወጡ ስሞችን በተመለከተ ምንም የማመነታበት ነገር የለኝም፤ ጠቡ በአንድ ክረምት ይረሳል፣ ስሙ ግን ይቀራል።

ጊዜና ወቅት ሌላ የስም ምንጭ ናቸው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ የተወለደች ልጅ ጽጌ ብትባል፣ የጮቄ ግርጌ ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ በሆነበት ወቅት አደይ ብትባል፣ በአዝመራ ጊዜ የመጣችው ሰብለ ብትባል የተወለደችበትን ቀን ይዛ ትዞራለች። ሰብለ የሚለው ስም የዐፄ ልብነ ድንግልን ሚስት እቴጌ ሰብለ ወንጌልንም ያስታውሳል። እሌኒን የመረጠ የጎጃም ሰው ደግሞ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ስም ያላት ልጅ ስታድግ ቦታውን ወስዶ ማሳየት ይቻላል፤ ይህ ደግሞ ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ትምህርት ነው።

አሁን በከተሞቻችን፣ በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ የሚበዙት ከመጽሐፍ ቅዱስና ከሌላ ቋንቋ የመጡ ስሞች ናቸው። እኔ በእነዚህ ላይ ጥላቻ የለኝም፤ ሐና፣ ሶስና፣ ቤተልሔም፣ አርሴማ በአባቶቻችን አፍ የኖሩ ናቸው። የምለምነው ድምፁን ብቻ ሰምቶ መምረጥ እንዲቀር ነው። ናርዶስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ማርያም የጌታን እግር የቀባችበት ውድ ሽቱ ነው፤ ያማረ ትርጉም አለው። ማራ ግን በመጽሐፈ ሩት መጀመሪያ ላይ ኑኃሚን ባሏንና ልጆቿን ካጣች በኋላ «ኑኃሚን አትበሉኝ» ብላ ለራሷ ያወጣችው የምሬት ስም ነው። ቃሉ አጭርና ለጆሮ የሚጥም ስለሆነ ብቻ ለአዲስ ሕፃን ሲሰጥ ሳይ እጨነቃለሁ። ኤልሻዳይና አዶናይ የእግዚአብሔር መጠሪያዎች ናቸው፤ ልጅን በእነርሱ ከመጥራት በፊት ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይገባል። አንድ ስም ከየት እንደመጣ ማንም በቤቱ ሊናገር ካልቻለ፣ እስኪታወቅ ድረስ አለመቸኮል ነው።

በስም ጠሪነቴ ከተማርኩት ሁሉ ወላጆች በጣም የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የልጅቱ ስም ብቻውን የማይነበብ መሆኑ ነው። ሁልጊዜ ከአባቷ ስም ጋር ይነበባል፤ ሁለቱም ትርጉም ያላቸው ስለሆኑ አንድ ላይ ሲሆኑ አዲስ ዐረፍተ ነገር ይፈጥራሉ። አባቷ ዘለቀ የሚባል ከሆነ «ደስታ ዘለቀ» ምርቃት ነው። አባቷ ታከለ ከሆነም «ሰላም ታከለ» ያምራል። አባቷ ማስረሻ ከሆነ ግን ፍቅር የሚለው ስም «ፍቅር ማስረሻ» ይሆናል፤ ምሕረትም «ምሕረት ማስረሻ» ይሆናል። እያንዳንዱ ለብቻው መልካም ሆኖ ሳለ ሲገናኙ ፍቅርንና ምሕረትን የሚያስረሱ ሆነው ቁጭ ይላሉ። አባቷ ይበቃል ከተባለም «ሰላም ይበቃል» የሚለው ሰላሙን የሚያሳጥር ይመስላል። ልጆች እነዚህን ነገሮች ለመያዝ አንድ ቀን አይፈጅባቸውም፤ የጎጃም ልጅ ደግሞ ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ነው። ስለዚህ ስሙን ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር በወረቀት ጽፋችሁ፣ ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡና ጮክ ብሎ እንዲያነበው አድርጉ፤ ፊቱንም ተመልከቱ። በዚያው ላይ የስሙን መብዛት አስቡ። በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ትዕግሥት ነበሩኝ፤ ሁለቱ የአባታቸውም ስም አንድ ስለነበር የአንዷ ውጤት በሌላዋ መዝገብ ላይ ገብቶ ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ወደ ክርስትናው ስም ስንመጣ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ለሴት ልጅ የምትቆምላት የክርስትና እናት ናት። ስሙን የሚያወጡት ካህኑ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ በዕለቱ የሚከበረውን ቅዱስ ይከተላሉ፤ ቤተሰቡ ስለት ካለበት ግን አስቀድሞ ሊነግራቸው ይችላል። ወለተ ማለት በግእዝ ሴት ልጅ፣ አመተ ማለት ደግሞ ሴት አገልጋይ ማለት ነው፤ ወለተ ማርያም፣ አመተ ሚካኤል፣ ፍቅርተ ክርስቶስ የሚባሉት ስሞች የሚሠሩት እንዲህ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ እቴጌ ጣይቱ ደግሞ ወለተ ሚካኤል ነበሩ። በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሃይማኖታቸውን አንለውጥም ብለው የጸኑት የጣና እናት ወለተ ጴጥሮስም እስከ ዛሬ የሚታወቁት በዚሁ ዓይነት ስም ነው።

እነዚህ ስሞች ተናባቢ በመሆናቸው ግማሻቸውን መቁረጥ ትርጉሙን ያጠፋዋል። ወለተ ብቻውን «የእገሌ ልጅ» ብሎ እገሌን ሳይናገር እንደቀረ ሰው ነው። በተለይ የክርስትናውን ስም ለመዝገብም ለመጠቀም የወሰነ ቤተሰብ «ወለተማርያም» ብሎ አያይዞ ይጻፈው። ተለያይቶ ከተጻፈ መዝጋቢው «ወለተ» የሚለውን በስሟ፣ «ማርያም» የሚለውን በአባቷ ስም ቦታ ሊያስገባው ይችላል፤ ያን ጊዜ የእውነተኛው አባቷ ስም ወደ አያት ቦታ ይገፋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በቤታችን የደረሰውን ልናገር። የታላቅ እኅቴን የክርስትና ስም የሚያውቁት እናታችንና የክርስትና እናቷ ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ካረፉ በኋላ እኅቴ ለተክሊል ስትዘጋጅ ካህኑ ስሟን ጠየቋት፤ እርሷም አታውቀውም። ዘመድ ሁሉ ተጠየቀ፤ አንዱ ወለተ ሐና ነው ሲል ሌላው ወለተ ሥላሴ ነው አለ። በመጨረሻ ስሙ የተገኘው የክርስትና እናቷ ልጅ በእናቱ መዝሙረ ዳዊት የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር ስላገኘ ነው። የክርስትና ስም በጸሎት፣ በቁርባን፣ በተክሊል፣ በመጨረሻም በፍትሐት የሚጠራ ስለሆነ በሰው ትዝታ ላይ ብቻ መተው አይገባም። በጥምቀቱ ዕለት፣ ድግሱ ሳይጀመር፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ ደብሩንና የክርስትና እናቷን ስም በቤት ውስጥ በማይጠፋ መጽሐፍ ላይ ጻፉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ከሆነም ያንኑ ዕለት ጠይቁ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ የልጅቱን ስም ይዞ ወደ ኮከብ ቆጣሪ ይሄዳል፤ የእርሷና የእናቷ ስም ፊደላት ተደምረው ዕጣዋ ይነገራል። ቤተ ክርስቲያን ይህን አትቀበልም፤ ልጅን በሰው አፍ በተነገረ ፍርሃት ከማሳደግም እግዚአብሔር ይጠብቀን። የሙስሊም ወገኖቻችን ሥርዓት የተለየ ነው፤ ስሙ በሰባተኛው ቀን ከዐቂቃው ጋር ይወጣል፤ ለሴት ልጅም አንድ በግ ይታረዳል። የቀረው ምክር ግን፣ ትርጉሙን ማወቅም ሆነ ከአባት ስም ጋር ማንበብ፣ ለፋጡማና ለዘይነባ ቤትም ያገለግላል።

ስሙ ከተመረጠ በኋላ አጻጻፉ መወሰን አለበት። በግእዝ መሐረ ማለት ይቅር አለ፣ መሀረ ማለት አስተማረ ነው፤ ስለዚህ ይቅርታን የምናስብበት ስም በሐመሩ «ሐ» ምሕረት ተብሎ ይጻፋል። ሠረቀ በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን፣ ሰረቀ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ግን መስረቅን የሚመለከት ነው። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ የቅኔ ቤቶች በሚገኙበት አገር የተወለደ ሰው ይህን የሚጠይቀው አያጣም፤ በአቅራቢያው ያሉ አንድ መሪጌታ በደቂቃ ውስጥ ያስተካክሉለታል። ከዚያ በኋላ የተመረጠው አጻጻፍ በክትባት ካርዱም፣ በልደት ምስክር ወረቀቱም፣ በትምህርት ቤቱም አንድ ዓይነት ይሁን። በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍም በዚያው ዕለት ወስኑ፤ ጽጌ የሚለው ስም በ«ጽ» ምክንያት በሁለትና በሦስት ዓይነት ሲጻፍ አይቻለሁ፤ የፋይዳ መታወቂያና ፓስፖርት ሲወጣ ልዩነቱ ችግር ያመጣል።

የክትባት ካርዱን የማነሣው በምክንያት ነው። የወንድሜን ልጅ ለመጀመሪያው ክትባት የወሰደቻት አክስቷ ነበረች፤ በአንድ ጤና ጣቢያ ስሟን ስትጠየቅ በቤት የምንጠራበትን ቁልምጫ ተናገረች፤ ባለሙያዋም እንደሰማች ጻፈችው። ትምህርት ቤት ለማስገባት ካርዱ በተጠየቀ ጊዜ የአንዲት ሌላ ልጅ ካርድ ይዛችሁ መጣችሁ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሕፃኗን ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሙሉ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት እንዲይዝ አድርገናል።

የልደት ምዝገባው የሚፈጸመው ወላጆች በሚኖሩበት ቀበሌ፣ በክብር መዝገብ ሹሙ ዘንድ ነው። በወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ይህ ለሴት ልጅ ወላጆች የሚያመጣውን ጥበት ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከ80ው ቀን ጥምቀት እስከ 90ው ቀን ያለው ዐሥር ቀን ብቻ ነው። መስከረም 30 የተወለደች ልጅን እንውሰድ። የተወለደችበትን ዕለት አንድ ብለን ስንቆጥር 80ኛው ቀን ታኅሣሥ 19 ላይ ይውላል፤ ዕለቱ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ስለሆነ ወለተ ገብርኤል ልትባል ትችላለች። 90ኛው ቀን ደግሞ ታኅሣሥ 29 ይሆናል፤ ከዘመነ ዮሐንስ በቀር ያ ቀን የልደት በዓል ነው፣ ቢሮም ዝግ ነው። «ከክርስትናው በኋላ እናስመዘግባታለን» ብሎ የተቀመጠ አባት ድግሱን ሲጨርስ የቀሩት የሥራ ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ጥምቀቱን ሳትጠብቁ፣ የመዝገቡ ስም እንደተቆረጠ፣ በሁለተኛው ወር ውስጥ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። የክርስትናው ስም ለመዝገቡ አያስፈልግም።

ወደ ቀበሌ ስትሄዱ የልጅቱን ስም፣ የአባቷንና የአያቷን ስም፣ የእናቷንም ሙሉ ስም በጥሩ እጅ ጽፋችሁ ያዙ። መዝጋቢው ጽፎ ሲጨርስ ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል እንዲያነብላችሁ በትሕትና ጠይቁት። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሰው ያፍራል፤ ግን በዚያች ደቂቃ ያልታረመ አንድ ፊደል በኋላ ማስረጃ ማሰባሰብን፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት መመላለስን ያስከትላል። ምስክር ወረቀቱን ተቀብላችሁ ወደ ቤት እንደተመለሳችሁ፣ የክርስትናው ስም በሚጻፍበት በዚያው መጽሐፍ ላይ የመዝገቡን ስም ጻፉ፤ ከሥሩም ስሙን ማን እንዳወጣውና ለምን እንደወጣ በሁለት መስመር አስቀምጡ። ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሆናት «ለምን እንዲህ አላችሁኝ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም፤ ማንበብ የጀመረች ጊዜ ደግሞ ገጹን ራሷ እንድታነበው ስጧት።